ሳላስብ የተሳለምሁት መጽሐፍ

ግልፍተኛ ነበርሁ፤ አርጅቼም ብዙ አልተሻለኝ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ያለፉ ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት ጎንደር ላይ ለአንድ አሜሪካዊ ሐኪም አስተረጉማለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የኔታ ዘንድ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ እማራለሁ። ለመመረቅ የቀረኝ ጥቂት ወር ነበር።

ሐኪሙ ሞርሞን የሚባል የአሜሪካኖች ሃይማኖት ተከታይ ነው። ሸጋ ሰው፤ ቡና አይጠጣ፣ ጠላ አይቀምስ። አንድ ቀን የእምነቱን መጽሐፍ ሰጠኝ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይጣላም፣ አብሮ የሚነበብ ነው አለኝ። እኔም ሞኙ በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ጎጆዬ ይዤው ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከመካነ ብርሃን የመጣ የትምህርት ባልንጀራዬ አይቶት ኖሮ፣ ሃይማኖቱን ለውጧልና ይባረር ብሎ የኔታ ዘንድ ከሰሰኝ። ከተባረርሁ የሰባት ዓመት ድካሜ ገደል ገባ ማለት ነው።

የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። ያልተነበበ መጽሐፍ አይፈረድበትም፣ አምጥተህ አሰማን አሉኝ።

በማግስቱ ተማሪው ሁሉ የኔታ ከሚያስተምሩበት ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። መጽሐፉን ገልጬ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁ። ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ባሕር ማዶ ላለ ሕዝብ ታየ የሚለው ዘንድ ስደርስ ጉርምርምታ ሆነ። ከሳሼ ተነሥቶ፣ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሚጨምር የተረገመ ነው አለ። ደሜ ፈላ። የፕሮቴስታንት ፈረንጆች መጽሐፍ ቅዱስ ስድሳ ስድስት ነው፤ የእኛ ሰማንያ አንድ። ሄኖክን ጨመራችሁ ቢሉን ምን ልትመልስ ነው አልሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የኔታ ግን አልተደሰቱም።

«ሄኖክን አባት ለልጅ እየሰጠ እኛ ዘንድ ደረሰ። ይኼን ከማን ተቀበሉት?»

ሐኪሙ የነገረኝን ተናገርሁ፤ አንድ ሰው በመልአክ ተመርቶ ከተቀበረበት መሬት አወጣው። እስከዚያ ድረስ መጽሐፉን ማን ሲያስተምር ኖረ ብለው ጠየቁኝ። ማንም አላስተማረውም አልሁ። እንግዲያው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይቀመጥም፤ ሐኪሙን ግን እንዳትሰድቡት ብለው ነገሩን ዘጉት።

እፎይ አልሁ። ከሳሼ ግን አልተቀመጠም።

«የኔታ፣ ሲገልጠው ተሳለመው። ሁላችንም አይተናል።»

እውነቱን ነው። እኛ መጽሐፍ ስንገልጥ ግንባራችንን አስነክተን፣ ስመን ነው የምናነብ። ለዚያም መጽሐፍ ያንኑ አድርጌለት ኖሯል።

«ምነው ልጄ? አምነህበት ነው?»

«የለም የኔታ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ሳላስበው።»

የኔታም፣ አልካደም፣ ትምህርቱን ይቀጥል ብለው ፈረዱልኝ። ተማሪው ሲበተን ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ወንጌሉንስ ስትሳለም የኖርኸው ሳታስበው ነው?»

በጊዜው ተመረቅሁ፣ እኔም በተራዬ አስተማርሁ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። ወንጌል በገለጥሁ ቁጥር ግን ከመሳለሜ በፊት እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ሳልሳለም መልሼ እዘጋዋለሁ።