ጥርስ ያለው ጎማ

ሰሞኑን ባለቤቴ ክረምቱ ሳይገባ የመኪናችንን ጎማ እንቀይር ብሎ አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ወዳሉት ሱቆች ይዞኝ ሄዶ ነበር። ከፀሐዩ ወደ ሱቁ ጥላ ስገባ፣ እስከ ጣሪያው ከተደረደሩት ጎማዎች የሚወጣው የአዲስ ላስቲክ ሽታ፣ ያ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር፣ ውሃ ቢጠጡበትም የማይወርድ ሽታ፣ ፊቴን መታኝ። ባለሱቁ አንዱን ጎማ አንከባልሎ ለባለቤቴ ሲያሳየው እኔ ወደ ደጅ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ባለቤቴ አሞኝ መስሎት ደንግጦ ተከተለኝ። አላመመኝም። አባቴ የክረምት ጎማ የመረጠበት ቀን ከነሙቀቱ፣ ከነአቧራው መጥቶብኝ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው መንጌ ነበር። አባቴ ስኳር፣ ጨውና ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ እንደ አገሩ ልማድ በበኩር ልጁ በእኔ ስም አቡ ዘሃራ ይባል ነበር። መኪናችን ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት ረጅም አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረች። ቤተሰባችን ሰፊ ስለነበር ሁላችንም በየራሳችን ወንበር ተቀምጠን የተጓዝንበትን ቀን አላስታውስም፤ ታናናሾቼ በታላላቆቻቸው ጭን ላይ፣ ዶሮዎች ከወንበሩ ሥር፣ የአክስቴ የባሚያ ጆንያ በእግሮቻችን መሀል ሆኖ፣ አንዳችን ካስነጠስን ሁላችንም እንወዛወዝ ነበር። ጎማዎቿ ግን ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ለስልሰዋል። በበጋ ይህ ለማንም ችግር አልነበረም፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ከመንጌ ወደ አሶሳ ሲኬድ የሚቋረጠው ወንዝም ያን ጊዜ ሕፃናት የሚንከባለሉበት አሸዋ ነው። የወንዙን ስም አልጠራም። እናቴ መጥራት ከተወች ወዲህ በቤታችን የሚጠራው የለም።

ጎማውን ወደ መቀየር ያመጣን ከዚያ ቀደም ያለው ክረምት ነው። ጎረቤታችን ሐሊማ ምጥ ጠንቶባት አባቴ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ይዟት ሲሄድ፣ ከወንዙ ወዲህ ባለው ዋልካ ላይ ጎማው ባዶውን ተሽከረከረ እንጂ አልራመደም። ሰው ገፋ፣ ቀርከሃ ተቆርጦ ተነጠፈ፣ ድንጋይ ተደለደለ፣ ግን መኪናዋ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየሰመጠች ሄደች። ሐሊማ እዚያው አግዳሚው ወንበር ላይ ሕይወቷ አለፈ። አባቴ ስለዚያ ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በጋውን ሙሉ ግን ጧት ጧት ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ ጎማዎቹን በመዳፉ ሲዳብስ በመስኮት አየው ነበር። በዚያው በጋ እናቴ ሐዋ ፀነሰች፤ የመውለጃዋ ወርም ሐምሌ ሆነ። እናቴ ወሩን ስትናገር አባቴ ከእጁ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ሳይጠጣው አስቀመጠው።

ግንቦት ላይ ሁላችንንም ጭኖ አሶሳ ወረደ። አንዳችንም ቤት መቅረት አልፈለግንም፤ ጎማ ሊገዛ ሳይሆን ሙሽራ ሊያመጣ የሚሄድ ይመስል ነበር። ባለሱቁ አቶ ይመር የሚባሉ፣ ገና ልጅ ሳሉ ከወሎ በሠፈራ የመጡ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ነበሩ። አባቴ አማርኛን የለመደው ከገበያ ስለነበር ሴትና ወንድ ብሎ መለየት አያውቅበትም፤ መኪናዋም፣ እናቴም፣ እኔም ለእሱ «እሱ» ነበርን። ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ደጅ እያመለከተ፣ «ወላሂ አቶ ይመር፣ እሱ ሐምሌ ይወልዳል። መንገድ ጭቃ ነው። ጥርስ ያለው ጎማ አምጣ» አላቸው። አቶ ይመር አንገታቸውን አስግገው መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ቃኙና፣ «ማነው የሚወልደው፣ አቡ ዘሃራ?» ሲሉ እናቴ ከፊት ወንበር ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ቀን ከልቧ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ይመር ሁለት ዓይነት ጎማ አወጡ። አንደኛው ለጠጠርና ለአስፋልት የሚሆን፣ መስመሩ ቀጫጭን፣ ሲሄድ ድምፁ የማይሰማ ነው፤ ሁለተኛው ጥርሱ እንደ ጡብ የወጣ፣ ሰፊ፣ ከባድ ነው። አባቴ በሁለተኛው ጎማ ጥርስ መካከል አውራ ጣቱን ሲሰድ ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ተሰወረ። አሽከረከረው፣ ስንጥቅ ፈለገ፣ አንኳኳው፣ እንደ ሐብሐብም ወደ ጆሮው አስጠጋው፤ እኛም ተራ በተራ ጣታችንን እየሰደድን ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ተሳሳቅን። አቶ ይመር ደስታችንን ቆመው ካዩ በኋላ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ይኸ ጎማ ጭቃን ያሸንፋል፤ ውሃን የሚያሸንፍ ጎማ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም» አሉት። «አደራህን አቡ ዘሃራ፣ ልብህን እንዳያሳብጠው።»

አባቴ «ኢንሻአላህ» ብሎ ሳቀና ጎሚስታውን ጠራ። መኪናዋ በክሪክ ከፍ ብላ አሮጌዎቹ ጎማዎች ወልቀው አዲሶቹ ሲገቡ ቁመቷ እንኳ የጨመረ መሰለን። እናቴ ወርዳ ዙሪያዋን ዞረችና በራሳችን ቋንቋ በበርታኛ፣ «ሲስቁ የሚነክሱ ይመስላሉ» አለች። ስንመለስ ጎማዎቹ በደረቁ መንገድ ላይ ከሥራችን ወፍራም፣ የማያቋርጥ ማንጎራጎር ያሰሙ ጀመር። ወንድሞቼ በዚያው ድምፅ ዘፈን አወጡለት፤ እናቴ ግን እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች መንጌ ደረስን።

ግቢያችን ስንደርስ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መጀመሪያ የቀረቡት የሟቿ የሐሊማ አባት ነበሩ። ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና የአንዱን ጎማ ጥርሶች እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ መኪናችን ክረምት አትፈራም» አሉ። ሰው ሁሉ አሚን አለ። እናቴ አላለችም። ማታ እቃ ስናጥብ፣ «መኪናችን ያሉትን ሰማሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያስቆጣት ስስት መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

ክረምቱ ከባድ ሆነ። የቆርቆሮውን ድምፅ ለመብለጥ እየጮኽን የምናወራበት፣ ልብስ አጥሩ ላይ ሻጋታ የሚያወጣበት፣ ቀይ ጭቃ እስከ ደጃፉ ወንበር የሚወጣበት ክረምት ነበር። ሐምሌ ላይ እናቴ ስታምጥ አባቴ ይዟት ወጣ፤ ጎማዎቹ ሐሊማ የሞተችበትን ዋልካ እየነከሱ እየተፉ አለፉት፣ ወንዙም ያን ቀን ለዘብ ብሎ ነበርና ተሻገሩት። ታናሽ ወንድሜ ሳሊህ አሶሳ በደህና ተወለደ። አባቴ ሲመለስ መኪናዋን በእጁ አጠበና ጎማዎቹን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጋቸው።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። እባብ የነደፈው ገበሬ በቃሬዛ መጣ፤ ወባ ያንቀጠቀጠው ሕፃን በእናቱ ጀርባ መጣ፤ ከእኛ ጋር ዝምድና ይኑራቸው አይኑራቸው የማናውቃቸው፣ ከሩቅ ቀበሌ በጭቃ የተለወሱ ሰዎች አጥራችን ሥር ተቀምጠው የአባቴን ከመስጊድ መመለስ ይጠብቁ ነበር። ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ በየግቢው ቆመው ሣር በቅሎባቸዋል፤ የምታልፈው የእኛዋ ብቻ ናት። ማንንም እንቢ ሲል አላየሁም። ግን ከሳ። ምግብ እየበላ ድንገት እጁን ያቆምና ጆሮውን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ እናቴም ወንዙን ሳይሆን እሱን ታዳምጣለች። ወንዙ ሲሞላ ድምፁ እስከ ሰፈራችን ይመጣ ነበር፤ ከሩቅ ሲሰሙት የገበያ ሁካታ ይመስላል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ቀን፣ ኢድሪስ የሚባል ወጣት ገበሬ ምጥ የያዛትን ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ልጅቷ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ሰማዩ እኛ ጋ ጠርቷል፣ ከላይ ወንዙ በሚመጣበት በኩል ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። አባቴ ቁልፉን ሲያነሳ እናቴ ሳሊህን ታቅፋ ከመኪናዋ ፊት ቆመች።

«ዛሬ አትሄድም» አለችው በበርታኛ። «ሰማዩን አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ።»

«እነዚህንስ ልጆች አይተሃቸዋል?»

አባቴ ወደ እኛ ዞሮ አልተመለከተም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐዋ፣ አንቺን ያሳለፈ ጎማ ይህችን ልጅ አላሳልፍም ቢል፣ ነገ በየትኛው ግንባሬ እሰግዳለሁ?» አላት።

ኢድሪስ ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም። እናቴ የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ የልጅቷን እግር ሸፈነችና ከመንገዱ ዘወር አለች። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ግን በመስኮቱ አንገቱን ሳብ አድርጋ፣ «ነገ ከዙህር ሶላት በፊት ተመለስ። እዚህ ደጃፍ ላይ አታስቀምጠኝ፤ አልችልም» አለችው። አባቴ እጇን ይዞ፣ «ከዙህር በፊት» አላት።

ሲሄዱ ተሻገሩ። ልጅቷም በዚያው ቀን አሶሳ ሴት ልጅ ወለደች። የተቀረውን የነገሩን ውሃው እስኪጎድል ከወንዙ ማዶ ተቀምጠው ሲጠብቁ የነበሩ መንገደኞች ናቸው። አባቴ በማግስቱ ረፋድ ላይ ብቻውን መጣ። ወርዶ በዱላ እየለካ ወደ ውሃው ገባ፤ ጉልበቱ ድረስ ነበር። መንገደኞቹ የላዩን ዳመና አሳይተው፣ «ቆይ፣ ከእኛ ጋር ቁርስ ብላ፣ ሲጎድል አብረን እናልፋለን» አሉት። አመሰገናቸው፤ «ቤት ሰው ተጨንቋል» አላቸው። ጎማዎቹ ድንጋዩን ጨብጠው እስከ መሀል በሰላም ደረሱ። ከዚያ ከላይ በኩል ዛፍ የሚሰበር ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ደራሽ ውሃው ግንድና ቀርከሃ እየገፋ እንደ ቡናማ ግድግዳ መጣ። ሰዎቹ ጮኹ። አባቴ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተመለከተ፣ በሩንም ሲከፍት አይተዋል።

እናቴ ያን ቀን በደጃፉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የዙህር አዛን ሲጠራ ብድግ አለች፤ ለውዱእ ልትታጠብ መስሎኝ ውሃ ላቀርብላት ብል አልፋኝ ወደ መንገዱ ወጣች፣ በባዶ እግሯ። ከመንገዱ ጫፍ ላይ፣ ከወንዙ ወዲህ የነበሩ ሰዎች በቡድን ሆነው ሲመጡ አየን። በቡድን የሚመጣ ሰው በእኛ አገር አንድ ወሬ ብቻ ነው የሚይዘው። እናቴ አልጮኸችም፤ ሳሊህን ለእኔ ሰጠችኝና መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

አባቴን የወንዙ መታጠፊያ ላይ አገኙት። መኪናዋን ደግሞ ውሃው ሲጎድል አሸዋ እስከ ጣሪያዋ ሞልቷት ጎኗ ላይ ተኝታ አገኟት፤ ጎማዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር። ወንድሞቼ ነቅለን እናምጣ ሲሉ እናቴ እዚያው ይቅሩ አለች። ኢድሪስ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማሽላው በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ጆንያ ተሸክሞ እየመጣ ከአጥሩ ሥር ያስቀምጣል፤ እናቴም ትወጣና ሳትናገር ትቀበለዋለች። አንድ ዓመት ግን፣ ሊሄድ ሲነሳ፣ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው። ኢድሪስ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ማልቀስ ብቻ ሆነለት። እሷም አጠገቡ ቆማ እስኪበቃው ጠበቀችው። «ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ» ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ለእኛ ለልጆቿ ነግራን አታውቅም።

ሳሊህ አሁን ጎልማሳ ነው። የአባቱን ድምፅ እንድንነግረው ሲጠይቅ ወፍራም ነበር የምንል አለን፣ ቀጭን ነበር የምንልም አለን፤ እየተከራከርን ሁላችንም እንደረሳነው ይገባናል። የመንጌ ሕፃናት ዛሬ ክረምትን የሚፈሩት ኳስ ሜዳቸውን ጭቃ ስለሚያደርግባቸው ነው። ታማሚ ሲኖር ስልክ ይደወላል፣ መኪና ይመጣል ወይም አይመጣም፤ በሰው አጥር ሥር ተቀምጦ የቤቱን ጌታ ከመስጊድ የሚጠብቅ ግን አላየሁም። በወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል። አንድ ሰው ታሪክ ጀምሮ ሳይጨርስ ድልድዩ ይታለፋል፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ከሥሩ ወንዝ መኖሩንም አያይም።

እናቴ አሶሳ ልትጠይቀን ስትመጣ የምናመላልሳት እኛ ነን። ከድልድዩ ጋር ስንደርስ ማንም ሳይነግረው ሳሊህ መኪናውን ያቆማል። እሷ ትወርዳለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ የድልድዩን የጎን ብረት በአንድ እጇ እየዳሰሰች በእግሯ ትሻገራለች። ዓመት በዓመት እርምጃዋ እያጠረ ነው። እኛ መስኮቱን ከፍተን፣ ማንም ጥሩንባ ቢነፋብን ሳንሰማ፣ በዝግታ ከኋላዋ እንከተላታለን።