ከፈርሱ ጋር የቀበርኩት ፌስታል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በየሁዳዴው ንስሐ አባቴ ፊት እንበረከካለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቅናቱን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ እዘረግፋለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። እሱም ፈሪነት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጨው እሸጣለሁ። ዱሮ ሰው ቅሉን ወይም ሣህኑን ይዞ እየመጣ ነበር የሚሰፈርለት። ፌስታል ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለ ቀይ መስመር ፌስታል፤ በአካባቢው ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም። ጨዉን ቋጥሮ መሸጥ ቀለለኝ። የተቀደደውን፣ ጨው የነካውን ፌስታል ከአጥር ኋላ መወርወርም ቀለለኝ።

የሺ የምትባል ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ "ኧረ አንቺ ሴት! ከብት ጨው የነካውን ሁሉ ይበላል። ላስቲኩን እንዲህ ከበተንሽው የመንደሩ ከብት ያልቃል" አለችኝ።

"ሂጂ ወዲያ! ገንቦሽ አልሸጥ ቢልሽ ነው" ብዬ ሳቅሁባት። እውነትም ያኔ ሰው ሁሉ ገንቦዋን ትቶ ጀሪካን ይዞ ነበር።

በግንቦት፣ ዝናቡ ጥሎ ሁሉም ለእርሻ ሲሯሯጥ፣ የአያ ጥጋቡ በሬ ሆዱ ተነፋ። አያ ጥጋቡ ከቤቴ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነበር። በሬው ሣር አልቀምስ አለ። በሦስተኛው ቀን ሳይሞት ይታረድ ተባለ።

ወንዶቹ ሥጋውን ሲመድቡ ጨጓራውን ማጽዳት ለእኔ ደረሰኝ። አብራኝ የነበረችው ሴት ውኃ ልታመጣ ሄደች። ፈርሱን ስዘረግፍ እጄ አንድ ነገር ጨበጠ፤ የበግ ራስ የሚያህል የላስቲክ ትብትብ። ቀዩን መስመር አየሁት። ቋጠሮዬንም አየሁት፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ የሚታሰር፣ የእኔው ቋጠሮ። ምን አደረግሁ? ጮህኩ? ሰው ተጣራሁ? ፈርሱ በሚጣልበት ጉድጓድ ከትቼ በእግሬ ረገጥኩት። እኔ ነኝ የቀበርኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ምነው እዚያ ላይ በበቃኝ! ሰዎቹ "ቡዳ ነው የበላው" ማለት ጀመሩ። ሸክላ ሠሪን ዱሮም በዚህ ያሟታል። አያ ጥጋቡ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ አንቺ መንገድ ዳር ነሽ፤ የሰማሽው ነገር አለ?" አሉኝ።

"የሺ የመንደሩ ከብት ያልቃል ስትል ሰምቻታለሁ" አልኩ።

አፈር ልብላ! ቃሉ እኮ የራሷ ነው። ላስቲኩን ብቻ ነው ከመሀል ያወጣሁት። በዚያ ግማሽ እውነት ሴትዮዋን ቁም ስቅሏን አሳየኋት።

ከዚያ ወዲያ ማን ገንቦዋን ይግዛ? የልጇ ጋብቻ ፈረሰ። ገበያ ላይ ሸክላዋን በድንጋይ ሰባበሩባት። አንድ ጠዋት ሱቄ መጣችና ትንሽ የሸክላ ዋንጫ ዘርግታ፣ "በዚህ ስፈሪልኝ" አለችኝ። ሰፈርኩላት። አልሄደችም።

"ስለ ላስቲኩ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ አይደል እህቴ? በእመቤቴ ይዤሻለሁ፤ ንገሪልኝ።"

"እሺ" አልኳት። እሺ! አልተናገርኩም። በሳምንቱ ልጇን ይዛ ከመንደር ወጣች።

አሁን በፌስታል አልሸጥም። ዕቃ ላልያዘ ሰው ጨው የለኝም። በዚህ ሰው ያመሰግነኛል። አስተማሪዎች ትምህርት ቤት ጠርተው ስለ ላስቲክ ጉዳት እንድናገር አደረጉኝ፤ ስለ ከብት ሆድ ስናገር ልጆቹ አጨበጨቡ። የየሺን ስም አላነሳሁም። ባለፈው ቡሬ ገበያ አየኋት። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ እየለቀመች ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች፤ ጎብጣለች። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ አለፍኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የእናንተ በሬ አልታረደ፣ የእናንተ ገንቦ አልተሰበረ። ንገሪልኝ ያለችኝን ይኸው ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ ለማታውቋት። አያ ጥጋቡ ዛሬም አሉ። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ "እንደምን አደርሽ ልጄ?" ይሉኛል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር አልነግራቸውም።