ሳይሞቅ አይከፈትም

ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ፣ ፔፕታይድ የሚባለውን የምርምር ዱቄት ከማቀዝቀዣ ሲያወጡ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቁ ነበር። ቀዝቅዞ ሳለ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ገብቶ ያበላሸዋል። ወሎ ሰፈር ቤታችን ሲመጡም የቸኮለ ሰው ካዩ “ሳይሞቅ አይከፈትም” ይሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት ላቦራቶሪያቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ብልቃጥ አውጥተው ሲጠብቁ አንድ ወጣት ካድሬ ለፍተሻ ገባ።

“ምንድን ነው የደበቅከው? ክፈተው።”

“ሲሞቅ እከፍተዋለሁ፣ ጓድ። ወንበር ይኸውልዎት።”

“ላሳስርህ እንደምችል ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ። የሚወስደኝ መኪና እስኪመጣ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ከፍቼልዎት እሄዳለሁ።”

ካድሬው አጎቴን ሲያይ ቆየና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጠበቀም። በመጨረሻ ሲከፈትለት ከብልቃጡ ሥር ያለችውን ቁንጥር ነጭ ዱቄት አየ።

“ለዚህች ነው?”

“ለዚህች ነው።”

ወንበሩን ከማቀዝቀዣው ጎን መልሶ ወጣ።

ለቅሶ ላይ ዘመዶቼ “አንቺ እንደሳቸው አትከራከሪ፤ አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ” አሉኝ። ታዛዥ ልጅ ነኝ፤ መምህሮቼም ያውቃሉ። ይህን ግን አልታዘዝም።

ጋሼ፣ በላቦራቶሪዎ ወንበሩ ከማቀዝቀዣው ጎን ባዶውን ቆሟል። ትምህርቴን ስጨርስ እዚያ እሠራለሁ። “ቶሎ ክፈቺ” የሚለኝ ሲመጣ ወንበሩን አሳየዋለሁ፤ ተቀምጦ ይጠብቃል።