ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጣል

የያዙኝ ሠርግ ላይ ስለ ግብር ሰብሳቢው በገጠምኩት ግጥም ነው። ወረታ ከአንዲት የጭቃ ክፍል አስገቡኝ። የተነጠፈው ሣር ረጥቦ ይሸታል። በግድግዳው ስንጥቅ የፎገራ ሜዳ ይታያል፤ ከብቱ፣ ከከብቱም በላይ እየጠቆረ የሚመጣው ደመና።

ከስንጥቁ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ደመናውን ያያሉ። የታሰሩት የመሬት ግብር ሳይከፍሉ ቀርተው ነው። ጎርፍ አዝመራቸውን በወሰደው ዓመት ተበድረው ትልቁን ማሳ ለአበዳሪው በመያዣ ሰጥተዋል። እሱ እያረሰ ይበላል፤ እስከ ጥምቀት ብድሩን ካልመለሱ ማሳው የእሱ ሆኖ ይቀራል። ብድሩን የሚከፍሉት ከቀረቻቸው ቁራጭ መሬት ነው፤ እሷም ዝናቡ ሳይገባ መታረስ አለባት።

አንድ ጠዋት አበዳሪው አገልግል ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ግብሩን ከፍሎላቸው ዛሬውኑ ወጥተው እንዲያርሱ መፈለጉን በለሰለሰ አንደበት ተናገረ። እኔ እንኳ ልቤ ራራለት።

"ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጣል?" አሉት።

"ያው በከፋዩ ነዋ፣ አባ። ምን ለውጥ አለው?"

ለውጡን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ትልቁን ማሳ የሚያርሰው እሱ፣ ግብሩንም የገበረው እሱ ከሆነ፣ ዳኛ ፊት ማሳው የእኔ ነው የሚለው የሽማግሌው ቃል ብቻውን ይቀራል።

"እንግዲያ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ። አገልግሉንም ይዘኸው ሂድ፤ በልቻለሁ።"

ከቆሎ በቀር የቀመሱት አልነበረም። በከብት ሌብነት የታሰረው ጓደኛችን አገልግሉ ሲወጣ በዓይኑ ሸኘው። "አባ፣ መሬቱን ይከልክሉት፤ ዶሮዋ ምን አደረገችዎ?" አለ። ሽማግሌው ሳቁ፤ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ስንጥቁ መለሱ። ማታ ዘነበ። ሲዘንብ አልተኙም።

ከቀናት በኋላ ሚስታቸው ይፋግ ገበያ ጊደራቸውን ሸጠው ግብሩን ከፈሉ። ጠባቂው በሩን ከፍቶ ደረሰኙን ሰጣቸውና ውጡ አላቸው። አልወጡም። ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉ።

"እስቲ ስሙን አንብብልኝ።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው ቆሙ። ስማቸውን ከነአባታቸው አነበብኩ።

"ድገመው።"

ደገምኩት። ሌባው ሳይቀር ቀና ብሎ ተቀመጠ። ደረሰኙን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ቁራጯን መሬት ዘግይተውም ቢሆን እንደዘሯት፣ ማሳውንም ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው እንዳስለቀቁ ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። እኔ ዛሬም በየድግሱ እገጥማለሁ። ድገመው የሚለኝ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ያቺ ክፍል ትዝ ትለኛለች። እዚያ የደገምኳቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ አንዱም የእኔ አልነበረም።