ወደ አይከል የወሰድኩት እንባ

ቅዳሜ ጧት ከፀዳ ተነስቼ አይከል ወዳሉት አባቴ ስጓዝ ቦርሳዬ ውስጥ ጣት የምታህል የዓይን መድኃኒት ነበረች። አባቴ ቄስ ናቸው። ዓይናቸው እንባ አጥቶ ይቆረቁራቸዋል፤ ማንበብ ስለተቸገሩ ከቅዳሴ ሊያርፉ እንደሆነ በስልክ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ያለ ቅዳሴ አባቴን ማሰብ አልችልም።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ፖሊመር የሚባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ሲሟሙ ውሃውን ያወፍሩታል፤ ተልባ ያደረበት ውሃ የሚያሟልጨው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ሠራሽ እንባም ስለሚወፍር ዓይን ላይ ይቆያል። ፊት የታዘዘላቸው ጠብታ ያልረዳቸው ቀጥኖ ይሆናል ብዬ፣ ሐኪማቸውን አማክሬ ወፈር ያለውን ያዝኩ።

ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሽምብራ ቆሎ እየዘገኑ ሲሰጡኝ፣ ምነው አትበይም እያሉ ሲቆጡኝ አይከል ደረስን።

አባቴ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ አንጀቴን በሉት። በተልባ የተፈተፈተ እንጀራ በልተን የድሮውን ጠብታ ባየው እንዳለ ነው። ተናደድኩ።

«አባ፣ ምነው ተውት?»

«ጧት ስጨምረው ጉሮሮዬን መረረኝ። ጉሮሮዬ የገባ ነገር እያለ እንዴት ልቀድስ?»

ንዴቴ በረደ። ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ አለ፤ ጠብታው በዚያ አልፎ ጉሮሮ ይደርሳል። እኔ ስለ ውፍረቱ ስጨነቅ እሳቸው የተጨነቁት ስለ ጾማቸው ነው።

ከእራት በፊት ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ ወፍራሙን ጨመርኩላቸው፤ ወደ ጉሮሯቸው እንዳይወርድ በአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ በጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩ። ልጅ ሳለሁ ዓይኔን ሲያመኝ እሳቸውም እንዲህ አስተኝተው ጸበል ያደርጉልኝ ነበር።

«መረረዎ?»

ምራቃቸውን ዋጡ። «የለም። ሸጋ ነው፤ ይቆይ።»

እሑድ ጧትም እንዲሁ ጨምሬ ያዝኩላቸው፤ ወንጌሉን ሲያነቡ ከሴቶች በኩል ቆሜ ሰማኋቸው። አንድም ቦታ አልቆሙም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ፀዳ ስገባ መሽቷል። መንገዱ ያስተማረኝ፣ መድኃኒት ከመቀየር በፊት ለምን እንደተተወ መጠየቅን ነው። ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ናቸው፤ ከቅዳሴ ማረፉን እንደተውት ነገሩኝ።

«ጣቴ ግን ቦታውን ይስታል ልጄ» አሉ።

ውሸታቸውን ነው፤ ከምሳ በኋላ ራሳቸው ጨምረው ሲይዙት አይቻለሁ። ቅዳሜ መጥቼ እይዝልዎታለሁ አልኳቸው።