የሸበተ ድንጋይ

«ተዉአቸው፣ ጃጅተዋል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢለው አንገቱን አንቄ እይዘው ነበር። ገዛ አባቴን፣ ገዛ በራቸው ላይ ቆሜ፣ እኔው አልኩት።

አባቴ ግራና ከተማ አጠገብ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሲሸመግሉ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ ኖረዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መርሳት አመጡ። ምሳ በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ «ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» ይላሉ።

የዚያ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ የመጡት ስለ ጎረቤታችን ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድም የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ጥሎ፣ ድንበር ገፍቶ፣ ከማሳዋ ግማሽ ያህሉን አርሶባታል። የመሬት ደብተሯ አዋሳኟ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ድንጋዩ የት እንደቆመ አይልም። ድንጋዩ ሲተከል በዓይናቸው ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት አባቴ ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ የሚፈልጉት እሳቸው ማሳው ላይ ቆመው ቦታውን እንዲያሳዩ ነበር።

እኔ ደግሞ ፈራሁ። ሰው ፊት ቢዘባርቁስ? ያ ሁሉ ሰው ሲያከብራቸው ኖሮ ቢስቅባቸውስ? ያቺን ቃል ወርውሬ ሽማግሌዎቹን መለስኳቸው። ሴትዮዋ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቀርታ «ወላሂ ወንድሜ፣ ልጆቼን የማበላበት ሌላ መሬት የለኝም» አለችኝና ሄደች።

በማግስቱ አባቴ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። «ያ ልጅ ድንጋዩን ነቅሎታል አሉ። በአፍ ነግሬህ አይገባህም፤ ውሰደኝና ላሳይህ። ቦታውን እግሬ ያውቀዋል» አሉኝ። ድምፃቸው የድሮው ድምፅ ነበር። «ለቅዳሜ ይደርሳል፣ አባዬ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ትናንት ያልኩትን ዛሬ አጥፌ ሽማግሌዎቹ ፊት መቆም አፍሬ ነው። ባጃጅ ይዤ ወደ መርሳ ከተማ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ቃል በመፍታት አልታማም። በዚያው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከምንባቡ ውስጥ «ሆሪ» የምትል ቃል አወጣች። ዕድሜን የምትገልጽ ቅጽል ናት ብዬ ሰሌዳው ላይ «ያረጀ» ብዬ ጻፍኩ። «ቲቸር፣ ላረጀ ጫማ ነው ላረጀ ሰው?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ሰሌዳውን ጠረግሁ። 

ቤት ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩት። ወይ ጉድ! ቃሉ ጥንት «ሃር» ነበር፤ ፍቺውም ሽበታም፣ ግራጫ፣ ደግሞም የተከበረ። ጀርመኖች ዛሬም ሰውን «ጌታው» ብለው የሚጠሩበት ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው ይላል። ማለዳ ሣሩን የሚያነጣውን ውርጭም በዚሁ ይጠሩታል። እንግሊዞች ዱሮ ድንበር ላይ የሚያቆሙትን ድንጋይም በዚሁ ቃል ነበር የሚጠሩት፤ የሸበተ ድንጋይ እንደማለት። ውሎ አድሮ ቃሉ ተዋረደና ዛሬ ሰው ለሰለቸው ቀልድ ሁሉ ይነገራል። የሸበተ ድንጋይ የምትለዋን ደግሜ አንብቤ መጽሐፉን ከደንኩት። አባቴን አሰብኩ። እነሱ ያንን ቃል ለማዋረድ ስንት መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እኔ የአባቴን ስም በአንድ ቃል ነው ያዋረድኩት። አይ እኔ!

ያኔውኑ ለሽማግሌዎቹ ደወልኩ። «ተሳስቻለሁ፣ አባቴ ደህና ናቸው፤ ቅዳሜ ማሳው ላይ ኑልን» ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ደግፌ ማሳው ድረስ ወሰድኳቸው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ የባልየው ወንድም እጁን አጣምሮ ዳር ይዟል። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ መጥታለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንግዲህ አባታችን፣ አንቱ ብቻ ነዎት የቀሩን። ድንጋዩ የት ነበር?» አሏቸው።

አባቴ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። ደግሞ ተመለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሴን፣ ሽበት የጀመረውን ጠጉሬን ትኩር ብለው ተመለከቱ። በዱሮ ትሕትናቸው ከወገባቸው ዝቅ አሉልኝ።

«አንቱ፣ መቼም ሽበት አብቅለዋል፤ የዚህን አገር ነገር ያውቃሉ» አሉኝ። «እስቲ ይንገሯቸው፤ ሴትዮዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሴትዮዋም አየችኝ። ድንጋዩ የት እንደነበር አላውቅም።