የሺ ለእናቷ የዋሸችው

የሺ እህል በረንዳ ውስጥ ምስርና ክክ ትሸጣለች። ድምፅዋ ስለማይጠገብ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ አጠገቧ ያሉት ነጋዴዎች «እስኪ የሆነ ነገር አንብቢልን» ይሏታል። እኔ የቤት ጎረቤቷ ነኝ፤ ታሪኳን ከራሷም፣ ከእናቷ ከእትዬ ኤልሳቤትም ሰምቻለሁ።

በወጣትነቷ ዘውገ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ወደደች። ከወልቂጤ በኩል ጤፍ ጭኖ ሲመጣ፣ ጆንያው እስኪራገፍ ድረስ እሷ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሲያስቃት ይውል ነበር። ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ አባቱ ሞቱና ታናናሾቹን ለማሳደግ አገሩ መግባት ግድ ሆነበት። «አብረን እንሂድ» አላት። በዚያው ሰሞን ደግሞ እትዬ ኤልሳቤት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ሕክምናቸው እዚህ ነው፤ ከየሺ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«እናቴን ጥዬ አልመጣም፤ አንተም ወንድሞችህን አትተውም» አለችው።

መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እናቷ እውነቱን ቢሰሙ «እኔን ለጎረቤት ስጪና ሂጂ» ማለታቸው እንደማይቀር ታውቃለች። ስለዚህ «ትቶኛል፣ እማዬ» አለቻቸው። እትዬ ኤልሳቤትም በጸሎታቸው መሀል ሳይቀር ዘውገን መራገም ያዙ።

ዓመታት አለፉ። ዘውገ አገባ። አንድ ቀን ታዲያ ቆጮና ቅቤ ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ።

«ምን እግር ጣለህ፣ አንተ ከሃዲ?» አሉት ከአልጋቸው ሆነው። «የልጄን አንገት አስደፍተህ!»

የሺ ክው አለች። ዘውገ አየት አደረጋት፤ ከዚያ አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመ። «አጥፍቻለሁ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ስትሸኘው በር ላይ «ለምን አልነገርካቸውም?» አለችው።

«አንቺ እንዳይጸጸቱ ብለሽ ያስተኛሻቸውን እናት እኔ በምን አንጀቴ ልቀስቅሳቸው?» አላት።

ክረምት ሲገባ የሺ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሽፋኑ የተገነጠለ የፍቅር ልብ ወለድ ገዛችና ከሥራ ስትመለስ ለእናቷ ታነብላቸው ጀመር። በልብ ወለዱ ውስጥ አንዲት ልጅ ዓይነ ስውር አባቷን ላለመተው ብላ የምትወደውን ሰው «አልወድህም» ብላ ታባርረዋለች።

«ምን ያለችው ጅል ናት!» አሉ እትዬ ኤልሳቤት። «አባትየውን ማን ጠየቀው? ሳያውቅ ዕዳ አሸከመችው እኮ!»

የሺ መጽሐፉን አጠፈች። «እማዬ፣ ዘውገ አልተወኝም። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

የሺ የጠበቀችው እንባ ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ ነው።

«ያን ሁሉ እርግማን ያለ ጥፋቱ አስወረድሽበት! ደውዪለት! አሁኑኑ!»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። «ልጄ ዘውገ፣ አፌን ይቁረጠው፤ ይቅር በለኝ» ብለው አለቀሱ። ሚስቱን ሀናን አስጠርተውም መረቋት፤ «ባልሽን ያዢው፤ ሰው ነው» አሏት።

ስልኩ ሲዘጋ የሺን በሚታዘዛቸው እጅ ሳቧትና ራሷን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ እናትሽ ነኝ ወይስ መንገድ የዘጋሁብሽ አጥር?» አሏት።

መጽሐፉን ጨረሱት። ልጅቱ በናፍቆት ከስታ ትሞታለች። «እሷስ ትሙት፤ የራሷ ጉዳይ ነው» አሉ እትዬ ኤልሳቤት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንቺ ግን ተነሺና ራት አቅርቢ።»

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ እትዬ ኤልሳቤት ዐረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ዘውገ ነበር። ሀና ደግሞ ለቅሶው እስኪበተን ድረስ ማጀት ውስጥ ጉድ ጉድ ስትል ከረመች። ከዚያ ወዲህ የሺ መስቀልን የምታከብረው እነሱ ቤት ነው። ልጆቻቸው «አክስቴ» እያሉ ይጠመጠሙባታል፤ ሀና ክትፎውን በእጇ ታጎርሳታለች። ዘውገ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ያወራታል። ሌላ አያነሱም።

ስትመለስ አውቶቡስ ተራ ሄጄ የምቀበላት እኔ ነኝ። ዓይኗ ቀልቶ ትወርዳለች።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» እላታለሁ።

«መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ንፋስ ሲገርፈኝ መጣሁ» ትለኛለች፤ ሀና የላከችልኝን ቆጮም ታሸክመኛለች።